የዌብ ሸለቆ ቀይ ቀበሮዎችና የእብድ ውሻ በሽታ፦ የ1996 ዓ.ም. ወረርሽኝ አንገቱ ላይ የተያዘበት መንገድ

ነሐሴ 1995 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2003) በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ፣ ዌብ ሸለቆ ውስጥ የሞተ ቀይ ቀበሮ መገኘት ጀመረ። እስከ ጥር 1996 ድረስ የተገኘው በድን 38 ደረሰ። ሌሎች 36 የሚታወቁ ቀበሮዎች ደግሞ ከመንጋቸው ጠፍተው አልተመለሱም። በአምስት ወር ውስጥ ከሸለቆው ቀበሮ ሦስት አራተኛው ያህል አለቀ።

ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ የትም የለም። ለአቅመ መራባት የደረሰው ቁጥሩ 500 አይሞላም፤ ከዚያም ከግማሽ በላዩ የሚኖረው ባሌ ነው። ስለዚህ በአንድ የባሌ ሸለቆ የሚነሳ ወረርሽኝ የዝርያውን ህልውና የሚነካ ነው። ይህ ወረርሽኝ ለብቻው ሊጠና የሚገባው ግን በሟቹ ብዛት ብቻ አይደለም። የዱር ቀይ ቀበሮ ራሱ ተይዞ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት የተወጋው ለመጀመሪያ ጊዜ ያኔ ነው። በጥቂት ክትባት ትልቅ ወረርሽኝ መቁረጥ ይቻላል የሚለው ሐሳብም ከወረቀት ወርዶ መሬት ላይ የተፈተነው እዚሁ ነው።

ቦታው

ባሌ ከሩቅ ሲያዩት አንድ ተራራ ይመስላል፤ ለቀበሮ ግን ሦስት ሰፈር ነው። አንዱ ከዲንሾ በላይ፣ 3,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተዘረጋው የዌብ ሸለቆ ነው። ሁለተኛው ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ የሚያቋርጠው፣ ከ3,800 ሜትር በላይ የሆነው የሳነቴ አምባ ነው። በሁለቱ መካከል ሞረባዋ አለ። ሦስቱ የሚገናኙት ጥቂት መንጋ ብቻ በሚይዝ ጠባብ መሬት ነው። ይህን መሬት አንገት እንበለው፤ የጉዳዩ ቁልፍ እዚህ ነው።

በእነዚህ ሰፈሮች ቀበሮው ጥቅጥቅ ብሎ ይኖራል፤ ምክንያቱ አይጥና ፍልፈል ነው። ጥሩ መሬት ላይ የአንድ መንጋ ግዛት 6 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን በውስጡ በአማካይ ስድስት ጎልማሳ ይኖርበታል። የአንዱ ግዛት ወሰን ካበቃበት የሌላው ይጀምራል። በመካከል ባዶ መሬት የለም፤ ባዶ መሬት ከሌለ ደግሞ ቫይረሱን የሚያስቆመው ነገር የለም።

ቫይረሱ ከማን ወደ ማን

ቀይ ቀበሮ ቀን ቀን አይጥ የሚያድነው ለብቻው ነው። ነገር ግን ንጋት ላይና ሲመሽ መንጋው ተሰብስቦ ይላላሳል፣ አፍ ለአፍ ይገናኛል፣ ወሰኑን አብሮ ይዞራል፣ ሜዳ ላይ ተጠጋግቶ ያድራል። የእብድ ውሻ በሽታ የሚተላለፈው በምራቅ ነው። የታመመው ቀበሮ ከመሞቱ ከጥቂት ቀናት በፊት ጀምሮ ምራቁ ውስጥ ቫይረስ ይኖራል፤ በዚያ ጊዜ ወንድሞቹንም እናቱንም ይነክሳል። አንድ መንጋ ውስጥ አንዱ ከተያዘ አብዛኛው መያዙ አይቀርም።

ከመንጋ ወደ መንጋ የሚሻገርበትም መንገድ ሰፊ ነው። ጎረቤታሞች ወሰን ላይ ይጋጫሉ። ከዚህም በላይ ዋናዋ እንስት ከራሷ መንጋ ወንዶች ይልቅ ከጎረቤት መንጋ ከሚመጡ ወንዶች ጋር ለእርቢያ መገናኘት ታዘወትራለች፤ በባሌ በተደረገ ክትትል ከታዩት ግንኙነቶች 70 በመቶ ያህሉ እንዲህ ያሉ ነበሩ። ወረርሽኙ የተነሳው ክረምቱ ሊያበቃ ሲል ነበር፤ የእርቢያው ወራት ከዚያ ብዙም አይርቅም።

መነሻው ውሻ ነው። ከ1995–96ቱ በድኖች ከተወሰዱት 15 ናሙናዎች 13ቱ በቤተ ሙከራ የእብድ ውሻ በሽታ መሆናቸው ተረጋግጧል፤ ቫይረሱም በአካባቢው ውሾች ውስጥ የሚዞረው ዓይነት ነበር። በሽታው በቀይ ቀበሮ ውስጥ ብቻውን ለዓመታት ሊዘልቅ አይችልም፤ ቁጥራቸው ትንሽ ስለሆነ የሚነከሰው ያልቅና ቫይረሱ ይጠፋል። ችግሩ ደጋግሞ መመለሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 እና 1992 በባሌ ክትትል ይደረግባቸው ከነበሩ 53 ቀበሮዎች 41ዱ ሞተው ወይም ጠፍተው ነበር።

ውሻው ለምን እዚያ አለ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ መልሱ ቀላል ነው። በዌብና በአካባቢው ከብት የሚያረባው ቤተሰብ ሌሊት ጅብ የሚያባርርለት ውሻው ነው። በጎዳንቱ ሥርዓት ከብት ከቆላ ወደ ደጋ ሲወጣ ውሻም አብሮ ይወጣል። ባለቤቱ ገበያ ሲሄድ ይከተለዋል፣ ለቅሶ ሲደርስ ይከተለዋል። ታስሮ አይውልም፤ የዕለት መብሉንም በአብዛኛው ራሱ ፈልጎ ያገኛል፣ የበሬ ጥንብ ባለበት ደግሞ ከቀበሮ ጋር ይገናኛል። ስለዚህ «ውሻው ይወገድ» የሚል ምክር ለእረኛው ትርጉም የለውም፤ ውሻ የተገደለበት ሰው ሌላ ቡችላ ያመጣል፣ አዲሱ ቡችላ ደግሞ ያልተከተበ ነው።

ከመጀመሪያው በድን እስከ መጀመሪያው መርፌ

በዚህ ጉዳይ ትልቁ ኪሳራ የደረሰው እዚህ ላይ ነው። በድን የታየው ነሐሴ ላይ ሲሆን የቤተ ሙከራ ማረጋገጫው የደረሰው ጥቅምት ውስጥ ነበር፤ ክትባት የተጀመረው ኅዳር ነው። ሦስት ወር። በሦስት ወር ውስጥ ይህ በሽታ የአንድን ሸለቆ አብዛኛውን መንጋ ያዳርሳል።

ጊዜው የት ገባ? አንደኛ፣ በድን በሜዳ ላይ አይቆይም። ጥንብ አንሳ፣ ቁራና ውሻ በአንድ ሁለት ቀን ይጨርሱታል። የሚገኘው አጥንትና ቆዳ ከሆነ የሚመረመር አንጎል የለም። በድን ቶሎ የሚያየው በየቀኑ ሸለቆውን የሚያቋርጠው እረኛ ነው፤ በፈረስ የሚዘዋወረው ተቆጣጣሪ እያንዳንዱን መንጋ በየቀኑ ሊያይ አይችልም። የማንቂያው ደወል ያለው ስለዚህ በእረኛው እጅ ነው። ቀበሮውን በኦሮምኛ «ጄዳላ ፈርዳ» ብሎ የሚያውቀው እሱ ነውና፣ ፀባዩ ሲለወጥም ቀድሞ ይገባዋል፤ ሰው የማይሸሽ፣ ለሃጩ የሚንጠባጠብ፣ የኋላ እግሩ የሚንገዳገድ ቀበሮ በባሌ ሜዳ እንግዳ ነገር ነው።

ሁለተኛ፣ ናሙናው። ከበድኑ የሚፈለገው የአንጎል ግንድ ነው፤ ለዚያ ግን የራስ ቅሉን መስበር ግዴታ አይደለም። ጭንቅላቱ ከአንገት ላይ ከተቆረጠ በኋላ በኋለኛው የራስ ቅል ቀዳዳ በኩል ጠንካራ የፕላስቲክ ቱቦ ወደ ዓይን አቅጣጫ እየተጠመዘዘ ይገባል፤ ሲወጣ የአንጎል ግንዱን ይዞ ይወጣል። ይህ በአምስት ደቂቃ ሜዳ ላይ ያልቃል፣ አጥንት በመጋዝ ሲቆረጥ የሚረጨውን አደገኛ ብናኝም ያስቀራል። በረዶ በሌለበት ናሙናው እኩል ግሊሰሪንና የጨው ውኃ በተቀላቀለበት ብልቃጥ ይቀመጣል። ይህን የሚሠራ ሰው አስቀድሞ ራሱ የተከተበ፣ ጓንትና መነጽር ያደረገ መሆን አለበት። ጓንት ተቀዶ ወይም ምራቅ ቁስል ነክቶ ከተገኘ ቦታውን ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ማጠብ፣ ከዚያ ሳይውሉ ሳያድሩ ጤና ተቋም መሄድ ነው። ምልክቱ ከታየ በኋላ ይህ በሽታ መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል።

ሦስተኛውና ከባዱ ፈቃድ ነው። ሊጠፋ የቀረበ እንስሳን በወጥመድ ይዞ መውጋት ያን ጊዜ ቀላል ውሳኔ አልነበረም። በሴሬንጌቲ የተከተቡ የአፍሪካ የዱር ውሻ መንጋዎች እ.ኤ.አ. በ1991 ጠፍተው ነበር፤ አንዳንድ ተመራማሪዎች መያዙ የሚያስከትለው ጭንቀት የተኛ ቫይረስ ቀስቅሷል ብለው ስለተከራከሩ፣ ክርክሩ በመላው አፍሪካ የዱር እንስሳ ክትባትን ለዓመታት አስፈርቶ ቆየ። በባሌ ፈቃድ ለመስጠት የዘገየ ሰው ከዚህ ፍርሃት የተነሳ ቢዘገይ የሚገርም አይደለም። ግን ፍርሃቱ ዋጋ አስከፍሏል፤ ውሳኔው በዘገየ ቁጥር ቫይረሱ ከመንጋ ወደ መንጋ ይሻገር ነበር።

ማንን መከተብ?

ገና ወረርሽኙ ሳይነሳ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ የስሌት ጥናት አንድ ተስፋ ሰጥቶ ነበር፦ ከቀበሮዎቹ ከ20 እስከ 40 በመቶውን ብቻ መከተብ ትልልቆቹን ወረርሽኞች ሊያስቀር ይችላል። ይህ ከተለመደው የክትባት ሐሳብ ይለያል። በውሻ ዘንድ በሽታውን ለመቁረጥ 70 በመቶ ያህል መሸፈን አለበት ይባላል። ለቀበሮው ግን ዓላማው ሌላ ነው፤ ማንም እንዳይሞት ማድረግ ሳይሆን ከመጥፋት የሚያድን ቁጥር እንዲተርፍ ማድረግ ነው። ሸለቆ ለሸለቆ የሚዛመተውን እሳት አንገቱ ላይ መቁረጥ ከተቻለ፣ የተቀረው መሬት ክትባት ሳያይ ይድናል።

ስለዚህ የክትባት ቡድኑ እየሞቱ ባሉት መንጋዎች ላይ አላተኮረም። ለማየት የሚከብድ፣ ግን ትክክለኛ ውሳኔ ነው። የተነከሰ ቀበሮ ቫይረሱ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት በሰውነቱ ተደብቆ ሊቆይ ይችላል፤ ቀድሞ የተያዘውን መውጋት አያድነውም፣ ክትባቱንም ቀኑንም ያባክናል። ወጥመዱ የተዘረጋው ከዌብ ወደ ሞረባዋ በሚወስደው አንገትና በዙሪያው፣ ገና ጤነኛ በሆኑ መንጋዎች ውስጥ ነው። በጥቂት ወራት ወደ 70 የሚጠጉ ቀበሮዎች ተይዘው ተከተቡ።

አያያዙ

ጥቅም ላይ የዋለው መንጋጋው በጎማ የተሸፈነ የእግር ወጥመድ ነው። ጎማው አጥንት እንዳይሰበር ይከላከላል፤ ሰንሰለቱ ላይ የሚሽከረከር ማያያዣና ድንጋጤውን የሚቀንስ ስፕሪንግ ይኖራል፤ ቀበሮው ሲታገል እግሩ እንዳይጠማዘዝ ነው። የሚተከለው ቀበሮው ወሰን በሚያመላልስበት የታወቀ መንገድ ላይ ነው። ትልቁ አደጋ ወጥመዱ ሳይሆን መዘግየት ነው። በ3,500 ሜትር ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ የተያዘ እንስሳ መሸሸጊያ ሳያገኝ፣ እግሩ ደም ሳይዘዋወርበት ብዙ ሰዓት ከቆየ ይጎዳል። ወጥመድ የሚተክል ሰው ቶሎ ቶሎ መመልከት ካልቻለ ባይተክል ይሻላል።

ቀበሮው ሲገኝ ብርድ ልብስ ይጣልበታል፤ ዓይኑ ሲሸፈን ብዙውን ጊዜ ይረጋጋል። ጎልማሳ ወንድ ከ14 እስከ 19 ኪሎ፣ እንስቷ ከ11 እስከ 14 ኪሎ ስለሚመዝኑ ሁለት የሠለጠኑ ሰዎች ይበቃሉ፤ ያስቸገረው ብቻ ማደንዘዣ ይወስዳል። ደም ይቀዳል፣ ክትባቱ ይሰጣል፣ ሁለተኛ ጊዜ እንዳይምታታ ጆሮው ላይ ቀለም ያለው ምልክት ይደረግለታል፤ ከዚያ እዚያው ይለቀቃል።

በክትባቱ ጥበቃ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አንድ ነገር አለ። የሚወጋው ክትባት የሞተ ቫይረስ ሲሆን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቆየት አለበት። ቆላ ላይ የሚያሰጋው ሙቀት ነው፤ ሳነቴና ዌብ ላይ ግን የሚያሰጋው ውርጭ ነው። በረዶ የሠራ ክትባት ቢቀልጥም ኃይሉ ተበላሽቷል፣ ሲታይ ግን ከደህናው አይለይም። ብልቃጡን ድንኳን ደጃፍ በሣጥን ማሳደር ቀርቶ ከቀዘቀዘ የበረዶ ጥቅል ጋር ማነካካትም ያጠፋዋል። ሌሊት ሣጥኑ ሰው በሚተኛበት ውስጥ ሆኖ፣ ቴርሞሜትሩ ጠዋት ጠዋት መነበብ አለበት።

ውጤቱና ጉድለቱ

በሽታው ወደ ሳነቴ ሳይዘልቅ ቆመ። ከወር በኋላ እንደገና ተይዘው ደማቸው የታየው ቀበሮዎች የመከላከያ አንቲቦዲ አምርተው ተገኙ። ጉድለቱ ከዚያ በኋላ ታየ፤ በስድስት ወር ውስጥ መጠኑ ቀነሰ። አንድ መርፌ የአሁኑን ወረርሽኝ ለመቁረጥ ይበቃል፣ ለሚመጣው ግን አይበቃም። ማጠናከሪያ ለመስጠት ደግሞ ያንኑ ቀበሮ ሁለተኛ ማጥመድ ያስፈልጋል፣ አንዴ እግሩ የተያዘ ቀበሮም ወጥመድ የተተከለበትን ቦታ ይጠነቀቃል።

ወረርሽኙ በ2001 ዓ.ም. መጀመሪያ ተመለሰ፤ በ2006 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ ሌላ ተነሳ። በመካከሉ የውሻ ዲስቴምፐር ገባ፤ ይህ ሌላ ቫይረስ ስለሆነ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አይነካውም። እ.ኤ.አ. በ2010 ዲስቴምፐር በገባባቸው መንጋዎች ከ25 ግልገሎች የተረፉት 3 ብቻ ነበሩ። ሁለቱን በሜዳ ላይ በዓይን መለየት አስተማማኝ አይደለም። የዓይንና የአፍንጫ ፈሳሽ፣ መክሳትና መንቀጥቀጥ ወደ ዲስቴምፐር ያመለክታሉ፤ ነገር ግን ሁለቱም አንጎል ይጎዳሉና በድን ሁሉ ለሁለቱም መመርመር አለበት። «ያለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ስለነበር የአሁኑም ያው ነው» ብሎ መርፌ ማውጣት ወራትን ያባክናል።

ከመርፌ ወደ ሥጋ

ሞት ከታየ በኋላ መሮጥ ሁልጊዜ ዘግይቶ መድረስ ስለሆነ፣ ቀጣዩ እርምጃ ወረርሽኙ ሳይመጣ መከተብ ነበር፤ ለዚያም ወጥመድ የማያስፈልገው መንገድ መገኘት ነበረበት። ኤስኤጂ2 የሚባለው በአፍ የሚሰጥ ክትባት ሕያው ሆኖ የተዳከመ ቫይረስ ነው። ከመርፌው በተቃራኒ የሚጠበቀው በረዶ ሆኖ ነው። ትንሽ ከረጢት ውስጥ ያለው ፈሳሽ በሥጋ መሐል ይቀበራል፤ ቀበሮው ሲያኝክ ከረጢቱ ይፈነዳና ፈሳሹ የአፉን ልባስና ቶንሲሉን ይነካል። የሚሠራው እዚያ ነው። ሳያኝክ የዋጠው ከሆነ ሆድ ውስጥ ይሞታል፤ ስለዚህ ቁራጩ በአንድ ጉርሻ የማይዋጥ መሆን አለበት።

በሙከራው ተመራጭ ሆኖ የተገኘው የፍየል ሥጋ ነው። አሰጣጡም ለውጥ አምጥቷል። ቀን ዝም ብሎ በሜዳ መበተን ለቁራና ለውሻ መቀለብ ነው። ሌሊት መንጋው ወደሚያድርበት ተጠግቶ፣ ለየግለሰቡ እያዩ መወርወር ግን ብዙውን ቀበሮ ያደርሳል፣ ማን እንደበላም መመዝገብ ይቻላል። ከዚያ በኋላ ከተያዙ 21 ቀበሮዎች 14ቱ ከክትባቱ ጋር የተጨመረው፣ ሥጋውን ማን እንደበላ የሚያሳየው ንጥረ ነገር ተገኝቶባቸዋል። ከ14ቱ 86 በመቶው አንቲቦዲ አምርተዋል፤ በጥብቁ መለኪያ፣ ማለትም በሚሊ ሊትር 0.5 ዓለም አቀፍ አሃድ ሲለካ ግን ግማሾቹ ናቸው ያለፉት። የታለመው ከየመንጋው ቢያንስ 40 በመቶ፣ በተለይም ዋናው ጥንድ እንዲደርሰው ነው። ዋናው ጥንድ ከሞተ መንጋው ቢተርፍም የዚያ ዓመት ግልገል የለም፤ ከመንጋ የምትወልደው በአብዛኛው አንዷ እንስት ናትና። በዚህ መንገድ መደበኛ የአፍ ክትባት በባሌ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው።

ውሻው ግን አልተተወም። የኢትዮጵያ ቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በፓርኩ ዙሪያ በነፃ ውሻ ሲያስከትብ ቆይቷል፤ ይህ ሥራ ሰውንም ከብትንም ያድናል፣ መንደሩ የሚተባበረውም ለዚሁ ነው። የሚፈተነው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው እጅ ነው፤ በአካባቢው ውሻን በእጅ መዳሰስ ስለማይዘወተር ብዙ ውሻ ባለቤቱ እንኳ ይዞ ሊያስወጋው አይችልም። የሚሻለው የገመድ አፈሙዝ ይዞ፣ ሰው ከብት ወደ በረት በሚያስገባበት ሰዓት ቤት ለቤት መሄድ ነው፤ ከሳምንት በፊት የተነገረው የሰፈር ሽማግሌም አብሮ ቢቆም ይጠቅማል። ሁለተኛው ዕድሜ ነው። የደጋ ውሻ ብዙ አይኖርም፣ በየዓመቱም ብዙ ቡችላ ይተካል። መስከረም ላይ 70 በመቶ የተሸፈነ መንደር፣ በቀጣዩ ክረምት ከብት ከቆላ ሲወጣ ከዚያ በታች ወርዷል። ከዘመቻው በኋላ የተወለዱት ቡችሎች ከከብቱ ኋላ እየሮጡ ወደ ዌብ የሚገቡት ምንም ሳይወጉ ነው፤ ቀጣዩ ዙር መጀመር ያለበትም ከእነሱ ነው።